«ውጤቱን በዓይንህ አንብብ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰነበተ። ርዕሱ «ውጤቱን በዓይንህ አንብብ» ይላል። ተማሪዎች የሞዴላቸውን ውጤት ሱሞ በሚባል የኮምፒውተር መሣሪያ ማሳጠር ትተው ሙሉውን ፋይል በዓይናቸው እንዲያነቡ ይመክራል። በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ተማሪዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «ጋሼ፣ ታዲያ ሱሞን እንተወው?» ብለው ጠየቁኝ። አንዷ ግን አልጠየቀችም። የቴሲሷን አባሪ ከሃያ ገጽ ወደ መቶ ሰማንያ ገጽ አሳድጋ፣ አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረፋ ስትጠብቅ አገኘኋት። ጽሑፉን አንብባ ደንግጣለች። የሞዴሎቿን ውጤት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አሳትማ፣ በእስክሪብቶ እያሰመረች ልታነብ ነበር። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት እሷን ካየሁ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ በምን ፍጥነት ተጣርቶ እንደሚወጣ በሒሳብ ሞዴል ይገለጻል። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚያገለግል ኖንሜም የሚባል ሶፍትዌር አለ። ስቱዋርት ቢል እና ሉዊስ ሺነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የጀመሩት ነው። የተጻፈው ፎርትራን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውጤቱን ኤልኤስቲ በሚባል ረጅም የጽሑፍ ፋይል ያወጣል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ፒኤስኤን የሚባል ነጻ የመሣሪያዎች ስብስብ ሠርተዋል። ሙሉ ስሙ «ፐርል ስፒክስ ኖንሜም» ነው። ሱሞ ከዚያ ስብስብ ውስጥ አንዱ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን) ከፍታችሁ ሱሞ ብላችሁ የፋይሉን ስም ትጽፋላችሁ። ያን ሁሉ ገጽ አንድ ስክሪን ላይ በሚያልቅ ዝርዝር ያሳጥርላችኋል። ስሌቱ በትክክል ተጠናቋል ወይ? ዜሮ ግራዲየንት አለ ወይ፣ ማለትም ቢቀየርም ውጤቱን የማይነካ ግምት (ሞዴሉ ከዳታው የሚያሰላው ቁጥር) አለ ወይ? ከተፈቀደለት ገደብ ጋር የተጣበቀ ግምት አለ ወይ? ደህና ከሆነ «ኦኬ» ይላል፣ ካልሆነ ያስጠነቅቃል። ከሥር ግምቶቹን ከነስህተታቸው ይደረድራል።

የጽሑፉ ጸሐፊ ይህንን አሠራር ይቃወማሉ። ክርክራቸውን በቅንነት ላስቀምጥ። መጀመሪያ፣ ማጠቃለያ ውጤቱን ይደብቃል፤ ተማሪው «ኦኬ» አይቶ ላፕቶፑን ይዘጋል ይላሉ። ቀጥለው፣ «ኦኬ» ማለት ሞዴሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም ይላሉ። ማስጠንቀቂያው የሚወጣባቸውን ገደቦችም ሌላ ሰው የወሰናቸው ናቸው ብለው ይተቻሉ። ጥቁሩ ስክሪን የኮምፒውተር ሰዎች እንጂ የፋርማሲስትና የሐኪም ቦታ አይደለም፤ ቁጥሩን በእጅ ወደ ኤክሴል መገልበጥ ያስተምራል ይላሉ። ነጻ መሣሪያ ስለሆነ ኃላፊነት የሚወስድ የለም፤ በመጨረሻም መጫኑ ራሱ ለእኛ አገር ሁኔታ ከባድ ነው ይላሉ።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለትምህርት ጥራት የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው እንጂ ሕመሙ ላይ አይደለም።

«ይደብቃል» ከሚለው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነው።

ሱሞ ኤልኤስቲውን አይሰርዘውም፣ አይለውጠውም። ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ጥያቄው ሰው በድካም፣ ዲፌንሱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ይህን ረጅም ፋይል በዓይኑ ሲያነብ ምን ይሆናል የሚለው ነው። እኔ የሆነውን አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ሱሞን አታውቅም፤ እኔም ያኔ አላስተማርኳትም። ሁሉንም በዓይኗ አነበበች፣ በእጇ ገለበጠች። መድኃኒቱን የማጣራት አቅም ከታካሚ ታካሚ በምን ያህል እንደሚለያይ ስትጽፍ «9 በመቶ» አለች። ከየት መጣ? ኖንሜም በታካሚዎች መካከል ያለውን ልዩነት የያዘውን፣ ኦሜጋ የሚባለውን ሰንጠረዥ ሲያትም 0.09 ብሎ ጽፏል። ይህ ግን ቫሪያንስ፣ ማለትም የልዩነቱ ስኩዌር ነው። ልዩነቱን በመቶኛ ለማወቅ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ያስፈልጋል። የ0.09 ስኩዌር ሩት 0.3 ነው፤ ማለትም 30 በመቶ ገደማ። ኖንሜም 7 ስኩዌር ሩቱ የተወሰደበትን ሁለተኛ ሰንጠረዥም ያትማል፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ፣ መልኩ ደግሞ ቁርጥ የመጀመሪያው። እሷ የገለበጠችው ከመጀመሪያው ነው። እኔ አነበብኩት፣ አለፍኩት። ፈታኞቹም አለፉት።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል? አማካይ የማጣራት አቅም በሰዓት 10 ሊትር ነው እንበል። ልዩነቱ 9 በመቶ ከሆነ ከመቶ ታካሚ ዘጠና አምስቱ ከ8.4 እስከ 11.9 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ለሁሉም አንድ መጠን ቢሰጥ ብዙም ችግር የለም። ልዩነቱ 30 በመቶ ከሆነ ግን ክልሉ ከ5.6 እስከ 18 ይሰፋል። አንዱ ታካሚ መድኃኒቱን ከሌላው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ያስወግዳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር «መጠኑን አትንኩት» ይላል። ሁለተኛው «ቆም በሉ» ይላል። ሱሞ ኦሜጋን ሲያቀርብ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ ነው የሚያቀርበው። ተማሪዬ ያንን መስመር አይታ ቢሆን ኖሮ 0.3 ባየች ነበር። የኋላ ኋላ ራሷ ደርሳበት አረመችው። ያን ቀን የደወለችልኝን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሌላም አለ። ኖንሜም ግምቶቹን አንድ ቦታ ያትማል፣ የግምቶቹን ስታንዳርድ ኤረር (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር) ደግሞ ወረድ ብሎ ሌላ ቦታ። አንጻራዊ ስህተቱን ለማግኘት ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሱ ስህተቱን ለግምቱ ማካፈል ነው። አንድ ቴሲስ ላይ ሠላሳ ሞዴል ቢሞከር፣ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ግምት ቢኖረው፣ ግምቱና ስህተቱ ሲደመር 720 ቁጥር ይሆናል። ይህን ሁሉ በእጅ ገልብጦ አንድም ሳይሳሳት የሚጨርስ ሰው አላውቅም። እኔም አልችልም።

ደግሞ ዓይን ሊያየው የሚከብድ ነገር አለ። ኖንሜም ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ሲያሻሽል በየደረጃው የግራዲየንት ቁጥሮችን ይደረድራል። ረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስሉ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ልጅ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች ሌላውን መድኃኒት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስወግዱ ሊለካ ሞዴል ሠራ። ግምቱ 0.2 ወጣ። «20 በመቶ ይጨምራል» ብሎ ጻፈ። ነገር ግን 0.2 ራሱ እንደ መነሻ የሰጠው ቁጥር ነበር። ኖንሜም አንዲት ጋት አላንቀሳቀሰውም። ለምን? ኤክሴል ላይ ሁለት ፋይል ሲያዋህድ የሪፋምፒሲን ዓምድ በሙሉ ዜሮ ሆኖ ነበር። ዳታው ስለዚያ ግምት የሚናገረው ምንም ነገር የለም። ግራዲየንቱም ዜሮ ነበር፤ በእነዚያ ረድፎች መሐል ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው። ሱሞን ስናስኬደው ዜሮ ግራዲየንት የሚለው መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከዚያ ፋይሉን ከፍተን የትኛው ግምት እንደሆነ አየን። ከዚያ ወደ ዳታው ሄድን። ነገርን ከሥሩ ማለት ይሄ ነው። ወደ ሥሩ የመራን ግን ማጠቃለያው ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። በጽሑፋቸው ውስጥ ያነሱት ምሳሌ ትክክል ነው። አንድ ተማሪ የ84 ታካሚዎች ዳታ ይዞ ነበር፤ ሞዴሉ ያነበበው ግን 79 ነው ይላሉ። አምስቱ በትእዛዙ ስህተት ተዘልለዋል። ማጠቃለያው ሁሉንም «ኦኬ» ብሎታል። አዎ፣ ይሄ ይሆናል። ሱሞ የሚያየው ስሌቱን ነው፤ ስንት ሰው ገባ ስንት ሰው ወጣ የሚለው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ይህ ቁጥር ኤልኤስቲው መጀመሪያ አካባቢ ተጽፏል፣ መታየትም አለበት። ተማሪዎቼን አሁን የማስተምራቸው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የታካሚዎቹንና የልኬቶቹን ቁጥር እዩ፣ ከዚያ ሱሞን አስኪዱ። ይህን ልማድ እንዳጠነክር ያደረገኝ የእሳቸው ጽሑፍ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ግን ያንን መስመር ለማግኘትም ቢሆን ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም። ግሬፕ የሚባል ትእዛዝ አለ። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 በቤል ላብስ የሠራው ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የምትፈልጉትን ቃልና የፋይሎቹን ስም ትሰጡታላችሁ፤ ቃሉ ያለበትን መስመር ብቻ ያወጣላችኋል። የሠላሳውንም ሞዴል የታካሚ ቁጥር በአንድ ትእዛዝ ታያላችሁ። ሃያ ዘጠኙ 84 ብለው አንዱ 79 ካለ፣ ዓይናችሁ ወዲያው እዚያ ላይ ያርፋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኖንሜም አንዳንዴ «ሚኒማይዜሽን ሰክሰስፉል» ብሎ ከጻፈ በኋላ ከሥሩ «ሃውኤቨር» ብሎ ይቀጥላል። ችግር ስላጋጠመ ውጤቱን በጥንቃቄ እዩት የሚል ማሳሰቢያ ነው። የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ደስ ብሎት የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። «ሃውኤቨር» የሚለውን ቃል በግሬፕ መፈለግ ግን ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

«ኦኬ ማለት ጥሩ ሞዴል ማለት አይደለም» የሚለውን እንይ። እውነት ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በሁለት ደረጃ የሚወርድ ሆኖ ሳለ በአንድ ደረጃ የሚያስቀምጥ ሞዴል ሠርታችሁ ስሌቱ ያለ እንከን ሊጠናቀቅ ይችላል። ሁሉም መስመር «ኦኬ» ይላል፣ ሞዴሉ ግን የተሳሳተ ነው። ይህን የሚያጋልጠው ሥዕል ነው። ከሞዴሉ የተተነበየውንና ከታካሚው የተለካውን ጎን ለጎን ማየት፣ ቀሪ ስህተቶቹ በጊዜ ሂደት ወዴት እንዳዘነበሉ ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ለማን የሚቆም ክርክር ነው? ሥዕሉ ኤልኤስቲው ውስጥም የለም። ፋይሉን ሦስት ጊዜ በዓይናችሁ ብታነቡት ሞዴሉ አንድ ደረጃ እንደጎደለው ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ይህ ነጥብ በዓይን ማንበብን ከሱሞ አያስበልጥም። ሁለቱም ሌላ ሥራ ይቀራቸዋል። ልዩነቱ ጊዜ ላይ ነው። ቁጥር በመገልበጥ ሁለት ቀን ያጠፋ ተማሪ ሥዕሉን ለማየት አቅም አይተርፈውም። ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ። ሰንጠረዡ በደንብ ያማረ፣ ሥዕሉ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ያለ ማብራሪያ የገባ ቴሲስ ይመጣል።

ገደቦቹን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ሱሞ ኮንዲሽን ነምበር የሚባለው፣ ግምቶቹ አንዱ ከአንዱ ምን ያህል ተለይተው እንደታወቁ የሚጠቁመው ቁጥር ከ1000 ሲበልጥ ያስጠነቅቃል። በሁለት ግምቶች መካከል ያለው ኮሪሌሽን (አብሮ የመለዋወጥ መጠን) ከ0.9 ሲያልፍም እንዲሁ። ጸሐፊው «ማን ወሰነው?» ይላሉ። በሙያው ውስጥ የተለመዱ ገደቦች ናቸው፤ እንደ ሕግ ግን አይታዩም። ትእዛዙ ላይ አንድ ቃል ጨምሮ መቀየር ይቻላል። ደግሞስ በእጅ የሚሠራ ሰው ገደብ የለውም ወይ? አለው፤ ግን አይጽፈውም። አንድ ቀን 1200ን «ትልቅ ነው» ይላል፣ በሌላ ቀን 1800ን «ምንም አይደል» ይላል።

እስቲ በእጅ ሲሠራ እንየው። ኮንዲሽን ነምበር የሚገኘው ኖንሜም ከሚያትማቸው አይገንቫልዩ የሚባሉ ቁጥሮች ትልቁን ለትንሹ በማካፈል ነው። ትልቁ 3.9፣ ትንሹ 0.0021 ቢሆን 1857 ይመጣል። ፋይሉን በዓይኑ የሚያነብ ሰው 0.0021ን ሲያይ «ትንሽ ቁጥር ነው» ብሎ ያልፋል እንጂ ካልኩሌተር አያወጣም። 1857 ግን ያስቆማል። ሞዴሉ ውስጥ አንዱን ከአንዱ መለየት ያልቻላቸው ግምቶች እንዳሉ ይጠቁማል፤ ምናልባት ዳታው የማይችለውን ጠይቀነዋል።

አሁን ወደ «ጥቁሩ ስክሪን የፋርማሲስት ቦታ አይደለም» ወደሚለው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር የምንቀመጥበት ካፌ አለ። ማኪያቶ አዝዘን ላፕቶፕ እንከፍታለን። አብዛኞቹ ፋርማሲስቶች ናቸው፤ ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪምም አሉ። ከመካከላቸው አንድም የኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ የለም። ሱሞን ለማስኬድ ማወቅ ያለባቸው ሦስት ነገር ነው፦ ፎልደር ውስጥ መግባት፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ማየት፣ ትእዛዙን መጻፍ። ይህን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይማሩታል። ሲሪንጅ ፓምፕ ማስተካከል የቻለ ሰው ይህ ያቅተዋል ማለት ሰውን ማሳነስ ነው። ጸሐፊው በዚህ ሐሳብ እንዳልጻፉት አምናለሁ፤ ተማሪው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ግን እንደዚያ ሆኖ ነው።

ይህን ሥራ የምንሠራውስ ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን ከተለመደው ቁጥር በላይ ይዘው እንደተገኙ አሳይቷል። ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚቀየረው በዚህ ኢንዛይም ነው። በሰሜን አውሮፓ ይህ ዓይነት ሰው በጣም ጥቂት ነው። እዚያ ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ መጠን እዚህ ለአንዳንዱ ሰው ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለካው የራሳችን ሰው፣ በራሳችን ታካሚዎች ዳታ መሆን አለበት። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋርማሲስት ነው። እሱን ከተርሚናል ማራቅ ሥራውን ለሌላ አገር ሰው መስጠት ነው።

ኤክሴል ያስተምራል የሚለውንም ልመልስ። ኤክሴልን አልጠላም፣ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ነገር ግን በእጅ መግባት በራሱ ከስህተት አያድንም። የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ የአንዳንድ ጂኖችን ስም እስከ መቀየር ደርሷል። ምክንያቱ ኤክሴል ነው። «ማርች1» እና «ሴፕት1» የሚባሉትን ጂኖች የወር ስም መስለውት ወደ ቀን ይቀይራቸው ነበር። ሳይንቲስቶቹ ፕሮግራሙን ማስቆም ስላልቻሉ የጂኖቹን ስም ቀየሩ። መገልበጥ ቢያስተምር ኖሮ ያ ሁሉ ስህተት በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ባልተገኘ ነበር። እኔ እንዳየሁት ተማሪን የሚያስተምረው «ለምን ያስጠነቅቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማስጠንቀቂያ ሳያይ ደግሞ አይጠይቅም።

አንድ የሥራ ጥቅም ልጨምር፤ ጸሐፊው ያላነሱት ነው። የሱሞ ውጤት አጭር ጽሑፍ ነው። ኮፒ ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። ብዙ ጊዜ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የተማሪን ውጤት በስልኬ አይቻለሁ። «አራተኛው ቴታ ስህተቱ 85 በመቶ ነው፣ ለምን?» ብዬ እመልሳለሁ፤ ቴታ የአማካዩ ታካሚ ግምት ነው። ከታክሲ ሳልወርድ ንግግራችን ተጀምሯል። ሙሉውን ፋይል ቢልክልኝ ስልክ ላይ አልከፍተውም፤ ቢሮ እስክገባ ይጠብቃል፣ ቢሮ ስገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል።

«ነጻ መሣሪያ ነው፣ ማን ይጠየቃል?» ለሚለው፦ ፒኤስኤን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። እንዴት እንደሚያሰላ ማየት የፈለገ ከፍቶ ያያል። ማመን ለሚከብደው ደግሞ መፈተሻ መንገድ አለ። ኖንሜም 7 ከኤልኤስቲው ጎን ኢኤክስቲ የሚባል ሌላ ፋይል ያወጣል። እዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ግምቶች የሚገኙት የደረጃ ቁጥሩ -1000000000 በሆነው መስመር ላይ ነው። ስታንዳርድ ኤረሮቹ -1000000001 በሚለው ላይ ናቸው። ከሱሞ ጋር አስተያዩት። እኔ ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ሞዴል እንዲህ በእጅ አስመሳክረዋለሁ። አንድ ጊዜ በእጅ መፈተሽና ሁልጊዜ በእጅ መገልበጥ ይለያያሉ።

በዚህ ነጥብ ሥር ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ነገር ብለዋል። ብዙ ቴሲስ ላይ «በሱሞ ተጠቃሏል» ተብሎ ይጻፍና የትኛው እትም እንደሆነ፣ ስህተቶቹ በየትኛው ሚዛን እንደተሰሉ አይገለጽም። ይህ ጉድለት ነው። የኦሜጋ አንጻራዊ ስህተት በቫሪያንስ ሚዛን ሲሰላ በስታንዳርድ ዲቪዬሽን (በቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት) ሚዛን ከተሰላው እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንዱ 40 በመቶ ሲል ሌላው 20 በመቶ ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሚዛኑ ካልተጻፈ ግን አንባቢ ሁለት ጥናቶችን ሲያወዳድር ይሳሳታል። እትሙም ሚዛኑም መጻፍ አለባቸው።

መጫኑ ከባድ ነው ላሉት አልከራከርም። ፐርል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ስትሮውቤሪ ፐርልን መጫን ነው። ኖንሜም ራሱ የፎርትራን ኮምፓይለር ይፈልጋል። የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ችግር ይፈጥራል፤ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ያጣ ልጅ አውቃለሁ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ማውረዱም ያሰለቻል። እኛ የፈታነው በፍላሽ ነው። አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው ይቀዳል፣ አንድ ቅዳሜ አብረን እንጭናለን። ከተጫነ በኋላ ሱሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ይሠራል። ማተሚያ ቤቱ ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ልጅ ልመለስ። ወረፋው ገና ነበርና ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ላፕቶፗን ከፈትን። ሱሞን የመጨረሻ ብላ በያዘችው ሞዴል ላይ አስኬደችው። ስሌቱ ተጠናቋል፣ ግራዲየንቱም ደህና ነው። አንድ መስመር ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ወጣ፦ ከገደቡ ጋር የተጠጋ ግምት አለ። ኤልኤስቲውን ከፍታ ቀጥታ ወደ ኦሜጋ ሰንጠረዥ ወረደች። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ዜሮ ሊባል ምንም አልቀረውም። ቀና ብላ «ጋሼ፣ መጀመሪያው ሰዓት ላይ ደም የተቀዳላቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸውኮ» አለችኝ። ከስድስት ሰው ያንን ልዩነት መገመት እንደማይቻል ሳልነግራት ገብቷታል። ፍላሿን ከማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነቅላ፣ ወረፋዋን ለኋለኛው ልጅ ለቃ፣ ሞዴሉን ያለዚያ ኦሜጋ እንደገና ልታስኬድ ወደ ስድስት ኪሎ ሄደች።